ጫካ በመስታወት ውስጥ፦ ለጃንግል አኳሪየም የሚሆኑ ዕፅዋት

በውኃ ውስጥ አትክልት ማልማት ከአንድ በላይ መንገድ አለው። ኔዘርላንዳውያን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት ስልት ዕፅዋቱን በቀለምና በቅጠል ቅርጽ ለይቶ በረድፍ ያሰልፋል። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ደግሞ ድንጋይና ጉቶን ከዕፅዋት ጋር አዋሕዶ የተፈጥሮን መልክዓ ምድር የሚያሳይ ስልት በዓለም ዙሪያ አስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በሞቱበት ዓመት፣ በሊዝበን የተከፈተው የመጨረሻው ታላቅ ሥራቸው 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160 ሺህ ሊትር ውኃ የሚይዝ ነው። ሦስተኛው ጎራ ከሁለቱም ይለያል። ሰፋፊ ቅጠሎች እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ረጃጅሞቹ የውኃውን ገጽ ነክተው ይተኛሉ፤ ከጉቶው ሥር ጥላው ይከብዳል፤ መቀስ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። የዘርፉ ሰዎች «ጃንግል» የሚሉት ይህንን ነው።

ለተመልካች ስልቱ ልቅ ይመስላል፤ ያገኙትን ተክል ሁሉ መክተት የሚያስችል። ይህ ግን አያስኬድም። በኔዘርላንዱ ስልት የተሳሳተ ምርጫ በየሳምንቱ በመቀስ ይታረማል፤ በጃንግል ግን መቀስ ስለማይበዛ በመጀመሪያው ቀን የገባው ተክል ለወራት ገንዳውን ያዝበታል። ስለዚህ የትኛው እንደሚያምር ከማየት በፊት አራት ነገር ማወቅ ይበጃል። ተክሉ የሚመገበው በሥሩ ነው ወይስ በቅጠሉ? በምን ፍጥነት ያድጋል? ሲጎለምስ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? የሚዛመተውስ እንዴት ነው?

ጃንግል አኳሪየም የአንድን ወንዝ ቅጂ ለመሆን እንደማይሞክርም መታወቅ አለበት። እንደ ሪዮ ኔግሮ ያሉ የአማዞን ጥቁር ውኃዎች ብርሃን እምብዛም የማያሳልፉና በንጥረ ነገር የደኸዩ በመሆናቸው በውስጣቸው የሚበቅለው ተክል ጥቂት ነው። ስልቱ የሚቀዳው የደኑን ጥቅጥቅታ ነው፤ ስለዚህ የስሪላንካ፣ የካሜሩንና የብራዚል ተክሎች በአንድ ገንዳ ጎን ለጎን ይበቅላሉ።

ከኋላ የሚቆሙት

የኋላው ግድግዳ ቁመት ያለው ተክል ይፈልጋል። የዚህ ቦታ ነባር ባለቤት ቫሊስኔሪያ ነው። ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ጠባብና ረጅም ሲሆን ግዙፉ ዝርያ ከ1 ሜትር ያልፋል። ታሪኩም ከአኳሪየም ታሪክ ጋር አብሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያን በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑረው ያጠኑ ነበር። የሚበሰብሱት ቅጠሎች ውኃውን ሲያደፈርሱባቸው ቀንድ አውጣ ጨመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የሞተውን ቅጠል በሉት፣ ውኃውም ጠራ። ተክል፣ ዓሣና ጽዳት ሠሪ በአንድ ዕቃ ተደጋግፈው መኖር እንደሚችሉ ያሳየው ይህ ሙከራ ነው።

ቫሊስኔሪያ ሲያብብ ቀረብ ብሎ ማየት ያስደንቃል። ሴቴዋ አበባ በቀጭን ዘንግ ላይ ሆና እስከ ውኃው ገጽ ትወጣለች። ጥቃቅኖቹ ወንዴ አበቦች ከታች ተላቀው ወደ ላይ ይንሳፈፉና በውኃው ላይ እየተንሸራተቱ ይደርሱባታል። ከዚያ በኋላ ዘንጓ ተጠምዝዞ እየተጠቀለለ ፍሬዋን ወደ ታች ይስባል። በገንዳ ውስጥ ግን ተክሉ በአብዛኛው የሚራባው በአሸዋው ላይ በሚልከው ሐረግ ነው፤ ከእናትየው ተነሥቶ እየዘለለ ልጅ ይተክላል። ማዕድን የበዛበት ውኃ ይስማማዋል፤ ካርቦንን ከባይካርቦኔት መውሰድ ይችላልና። ችግሩ ወሰን አለማወቁ ነው። ከመካከለኛው ክፍል በድንጋይ ረድፍ ካልተከለለ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊት ለፊት ድረስ ይመጣል።

ቶሎ የማይዛመት ረጅም ተክል የሚፈልግ ሰው ወደ ክሪፕቶኮሪን ባላንሴ መሄድ ይችላል። ከታይላንድና ከአካባቢው አገሮች የመጣው ይህ ተክል ጠባብና የተጨማደደ ረጅም ቅጠል አለው፤ የሚያድገው ግን በዝግታ ነው።

ዝግተኞቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ፈጣን ተክል ያስፈልጋል። አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ይበዛበታል፤ ያንን ቶሎ የሚጠጣ ተክል ከሌለ ቦታውን አልጌ ይይዘዋል። ሃይግሮፊላና ሊምኖፊላ ለዚህ ይመረጣሉ። ሴራቶፊለምም ከዚሁ ወገን ነው። ይህ ሥር የሌለው፣ መርፌ መሰል ቅጠሎች ያሉት ተክል በጣና ሐይቅም ይበቅላል፤ ምግቡን በቅጠሉ በቀጥታ ከውኃው ስለሚወስድ ሳይተከል ቢንሳፈፍም ይኖራል። ጫካው ከቆመ በኋላ እነዚህን ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል።

መካከሉን የሚይዙት

የጃንግል ገንዳ እምብርት ብዙ ጊዜ የአማዞን ሰይፍ የሚባለው ኤኪኖዶረስ ነው። በትውልድ አገሩ የረግረግ ተክል ነው፤ በዝናብ ወቅት ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ በበጋ ከውኃ በላይ ይቆማል። በገንዳ ውስጥ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሥሩም በአሸዋው ውስጥ በሰፊው ይዘረጋል። ምግቡን በአብዛኛው ከሥሩ ስለሚያገኝ ባዶ ጠጠር ላይ ከተተከለ ቅጠሉ እየገረጣ ይሳሳል፤ ሥሩ አጠገብ የሚቀበር የማዳበሪያ እንክብል ያስፈልገዋል። በ60 ሊትር ገንዳ ሦስት ሰይፍ መትከል ለሌላው ተክል ሁሉ ቦታ መንፈግ ነው። አንዱ ይበቃል።

ቀለም የሚያመጣው ሎተስ ነው። ኒምፊያ ሎተስ በናይል ዳርቻ የኖረ የአፍሪካ ተክል ነው፤ በአኳሪየም ገበያ የሚሸጡት ቀይና ነጠብጣብ ቅጠል ያላቸው ዓይነቶች ይወደዳሉ። ጠባዩ ቅጠሉን ወደ ላይ ልኮ ገጹን መሸፈን ነው። ወደ ላይ የሚሮጡት ቅጠሎች ገና በጠዋቱ ከተቆረጡ ተክሉ ከሥር ሰፋፊ ቅጠል እያወጣ እንደ ቁጥቋጦ ይቀመጣል።

ከፊትና ከጥላው ሥር ክሪፕቶኮሪን ይመጣል። በተለይ የስሪላንካው ወንድቲ ከአረንጓዴ እስከ ቡናማ ባሉ ዓይነቶቹ ለጀማሪ የሚመከር ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዋል። አንድ ጠባዩን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦታ ሲቀየርበት ወይም ውኃው በድንገት ሲለወጥበት ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ቀልጦ ያልቃል። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሥሩ ጠንካራና ነጣ ያለ ከሆነ ግን ተክሉ በሕይወት አለ፤ የበሰበሰውን ቅጠል አንሥቶ ሳይነኩት ከተዉት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለአዲሱ ውኃ የሚስማማ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

በጉቶና በድንጋይ ላይ

እውነተኛ ደን የሚመስለው ገንዳ መሬቱ ብቻ ሳይሆን እንጨቱም የለመለመ ነው። እዚህ የሚገቡት ተክሎች በአሸዋ ውስጥ አይተከሉም። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካው አኑቢያስ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያው ጃቫ ፈርንና የአፍሪካው ቦልቢቲስ ሁሉም አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ያ ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በጥጥ ክር ከጉቶው ጋር ይታሰራሉ ወይም በጥቂት ሱፐር ግሉ ይጣበቃሉ፤ ከጊዜ በኋላ ሥራቸው ራሱ እንጨቱን ጨብጦ ይይዛል።

አኑቢያስ ቅጠሉ ቆዳ መሰልና ጠንካራ ስለሆነ ተክል የሚነካኩ ዓሦችም እምብዛም አይደፍሩትም። ዕድገቱ ግን በጣም ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ቅጠል ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር በደማቅ ብርሃን ሥር አልጌ ይለብሳል። ቦታው በሎተስ ወይም በሰይፍ ጥላ ውስጥ ነው። ጃቫ ፈርን በበኩሉ ቅጠሉ ላይ ልጅ ያወጣል፤ በቅጠሉ ጀርባ የሚታዩት ጥቋቁር ነጥቦች በሽታ ሳይሆኑ የመራቢያ አካላቱ ናቸው። ቦልቢቲስ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው የአፍሪካ ምድር የሚገኝ የጅረት ፈርን ነው፤ ብርሃን የሚያስተላልፍ መስሎ የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ ከማጣሪያው በሚወጣው የውኃ ፍሰት ፊት ሲቀመጥ ይሰፋል። በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት ጃቫ ሳረንስት ይሞላዋል።

ጣሪያው

ጫካ ጣሪያ አለው፤ የአኳሪየሙ ጣሪያ ተንሳፋፊ ተክሎች ናቸው። ሳልቪኒያ፣ ሊምኖቢየምና ፒስቲያ ሥር ወይም ሥር መሰል ክሮች ወደ ታች ለቀው ብርሃኑን ይከፋፍላሉ፤ ዓይን አፋር ዓሦችም ከሥራቸው ይረጋጋሉ። እነዚህ ቅጠላቸው በአየር ላይ ስለሆነ በውኃ ውስጥ ያሉት የማያገኙት ጥቅም አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ያህል ቀርፋፋ ሆኖ ነው፤ ተንሳፋፊዎቹ ግን ከአየር በቀጥታ ይወስዳሉ። ለዚህ ነው በፍጥነት የሚያድጉት፤ ለዚህም ነው በየሳምንቱ ካልተቀነሱ ከሥር ያለውን ሁሉ የሚያጨልሙት። በብዙ ቤት ሳሎን የሚታየው ፖቶስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሥሩ ውኃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ውጪ ሆኖ ከገንዳው ጠርዝ ሲሰቀል ናይትሬትን እየጠጣ ደኑን ከመስታወቱ በላይ ያስቀጥላል።

ብርሃን፣ ጋዝና አፈር

የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ተክሎች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር አያስፈልጋቸውም። በጋዝ የሚደገፍ ገንዳ በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ሲይዝ፣ ከአየር ብቻ የሚያገኝ ውኃ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይኖረዋል፤ ዓሦቹና የሚበሰብሰው ነገር ትንሽ ይጨምሩበታል። በዚህ መጠን ዝግተኞቹ ይኖራሉ፣ ደማቅ ቀይ ቅጠል ያላቸው ባለ ግንድ ተክሎች ግን ይቸገራሉ። ጋዝ በሌለበት ብርሃን ማብዛት የሚጠቅመው አልጌን ነው፤ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚበራ መጠነኛ መብራት ይበቃል።

አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ርካሽ መንገድ አሳይተዋል። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያህል የአትክልት አፈር ከታች ይነጠፋል፤ በላዩ ያንኑ ያህል ጠጠር ይለብሳል፤ ገንዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተክል ይሞላል። የዓሣው ምግብና እዳሪ ቀሪውን ማዳበሪያ ይሆናል። በሥራቸው የሚመገቡት ሰይፍና ክሪፕቶኮሪን በእንዲህ ያለ አፈር ይፋፋሉ።

ሙቀትም ምርጫን ይወስናል። እነዚህ ተክሎች በብዛት የሚመቻቸው ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ይህ ማለት ማሞቂያ ማለት ነው፤ በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ ጣጣው ይቀላል። ቀዝቀዝ ያለ ውኃን ከሚችሉት መካከል ጃቫ ፈርን፣ ሳረንስትና ሴራቶፊለም ይገኛሉ።

በገዢው ዓይን

የንግድ ችግኝ ጣቢያዎች የውኃ ተክሎችን በአብዛኛው የሚያሳድጉት ከውኃ በላይ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው። ተክሉ ወደ ገንዳ ሲገባ የአየር ቅጠሉን ጥሎ የውኃ ቅጠል ያወጣል፤ የመጀመሪያው ወር ድንጋጤ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚህ የባሰው ፈጽሞ የውኃ ያልሆነ ተክል መግዛት ነው። «ዕድለኛ ቀርከሃ» የሚባለው ድራሴናና ሞንዶ ሣር በአንዳንድ ገበያዎች ለአኳሪየም ይሸጣሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከሰመጡ በወራት ውስጥ ይበሰብሳሉ።

ዓሣውም ከተክሉ ጋር ይመረጣል። ወርቃማ ዓሣና ሲልቨር ዶላር ለስላሳ ቅጠልን ይጨርሱታል። ቴትራ፣ ጉራሚና ኤንጅልፊሽ ግን ከረጃጅም ቅጠሎች መካከል ይስማማቸዋል።

ከመስታወቱ ውጪ

ለጃንግል ገንዳ የሚመቸው ጠባይ፣ ማለትም ቶሎ ማደግና ያለ እገዛ መዛመት፣ ተክሉ ወደ ተፈጥሮ ውኃ ሲያመልጥ አደጋ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 የካቦምባንና የእምቦጭን ሽያጭ ከልክሏል፤ አሜሪካ ደግሞ ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማን በፌዴራል ጎጂ አረሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። ለኢትዮጵያውያን ይህ በሩቅ የሚሰሙት ነገር አይደለም። የትውልድ አገሩ አማዞን የሆነው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ተመዝግቧል፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ታየ። በምቹ ሁኔታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆነው ይህ አረም የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ ይዟል፤ ገበሬዎችና ወጣቶች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል።

ስለዚህ ከገንዳ የተቆረጠ ተክል ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይጣልም። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለጓሮ ብስባሽ ይሆናል። እምቦጭ ለጌጥ ቢያምርም ለገንዳ አይገዛም። ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው ከሳልቪኒያና ከፒስቲያ ይልቅ ፖቶስን ለጣሪያው ቢመርጥ ጥላውን ሳያጣ ሐይቁንም ከአደጋ ይጠብቃል።