ስለ ጥንተ ሰው በፎገራ የሚባለውና በምድር ውስጥ የተገኘው

ከወረታ ከተማ ወደ ጣና ዳር ወርዶ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እያጠቡ ባመጡት ጥቁር ደለል ላይ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ለሚመለከት ሰው፣ ምድሩ ትናንት የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ለስላሳና አዲስ ሆኖ ስለሚታየው፣ የሰው ልጅ ጥንተ ታሪክ በተነሣ ቍጥር ነገሩን የአፋር በረሃ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ሆኗል፤ በዚህም ላይ «ፈረንጆች ሰው ከጦጣ መጣ ይላሉ» የሚለው ወሬ በየጠላ ቤቱም በየደጀ ሰላሙም ሲነገር ስለ ኖረ፣ ትምህርቱ ሳይመረመር እንደ ስድብ ተቈጥሮ ይተዋል። ስድቡን ግን ማን እንደ ተናገረው ቢጠየቅ ተናጋሪው አይገኝም።

ሰው ዛሬ ከምናያት ጦጣ ተወለደ የሚል የዘመኑ ሊቅ የለምና። በስሜን ተራሮች ሣር እየነጨ የሚውለው ጭላዳ አባታችን ሊሆን የማይችለው ለክብራችን ሲባል ሳይሆን በዘመን ቍጥር ምክንያት ነው፤ የእርሱ ወገንና የእኛ ወገን የተለያዩት ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ይኸውም የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ከምድር ሆድ ቀልጦ ከወጣበት ከዚያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረው ዘመን ብዙም የማይርቅ ስለሆነ፣ ደጋው ራሱ ገና ሲሠራ መንገዳችን ተለይቶ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጭላዳም እንደኛው በራሱ መንገድ ሲለወጥ ኖሯል፤ ዘመዶቹ በአንድ ወቅት ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና እስከ ህንድ ተሠራጭተው ከቆዩ በኋላ ጠፍተው፣ ዛሬ እርሱ ብቻ በኢትዮጵያ ደጋ ቀርቷል። ለእኛ እጅግ የሚቀርበው በአገራችን የማይኖረው ቺምፓንዚ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ፣ ዛሬ ግን ከሌለ ከአንድ ቅድመ አያት ጋር የሚያገናኘን የአክስት ልጅ ነው እንጂ አባት አይደለም። «ታዲያ የዛሬዋ ጦጣ ለምን ሰው አትሆንም?» የሚለው የዘወትር ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቦታ የለውም፤ የአክስት ልጅ ተለውጦ እኔን እንዲሆን የሚጠብቅ የለምና።

በአክሲማሮስ ያደገ፣ አዳም ከአራቱ ባሕርያት መፈጠሩንና እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን መቈጠሩን ከመምህሩ አፍ የሰማ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን የድንጋይን ዕድሜ የሚመረምር ሰው ስለ ነባቢት ነፍስ የተናገረ አድርጎ መውሰድም፣ ለአዳም የተገባውን የተስፋ ዘመን የድንጋይ መለኪያ ማድረግም፣ ሁለቱን ትምህርቶች ያለ ቦታቸው ማስቀመጥ ይመስለኛል።

ከዚህ ይልቅ በሰፊው ሥር የሰደደው፣ የጥንት ሰዎች እንደ ተራራ የገዘፉ ነበሩ የሚለው እምነት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ረዐይት የሚተርከውን የሰማ ሰው፣ ከገደል ተንዶ የወጣ ትልቅ ዐፅም ቢያይ የእነርሱ ነው ቢል አያስደንቅም። በእርግጥም ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠሩ ታላላቅ አጥንቶች መገኘታቸው በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል፤ ይሁን እንጂ እነዚያ የዝሆን ቀደምት ዘመዶችና በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ያበቀለ፣ ዘሩ የጠፋ አውሬ አጥንቶች ናቸው። የእኛ ወገን የሆነችው ድንቅነሽ ግን፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን በሐዳር ያገኛት፣ ከአካሏ 40 በመቶ የሚሆነው ተርፎ የተለቀመላት ያች ዝነኛ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ብቻ ነበር።

ስለ ድንቅነሽ ከተነሣ ዘንድ፣ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ እናት ናት የሚባለውም ከፍቅር የመጣ ማጋነን ነው። የእርሷ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ በ1987 ዓ.ም. ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የእጅ አጥንቷን በማግኘቱ ፍለጋው የተጀመረላት አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት አላት፤ በቻድ የተገኘው የራስ ቅል ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን ይጠጋል። አርዲ በምድር ላይ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን ቅርንጫፍ የሚጨብጥ እንደ ነበረ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ አንጎሏም ትንሽ ነበር። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ዐዋቂ ሆኖ በኋላ ቆሞ ሄደ የሚለው ግምት ተገላብጧል፤ እግር ከአእምሮ ቀድሟል። አካሉ እንደኛ የሆነው ሰው የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ በኦሞ ኪቢሽ በ1959 ዓ.ም. የተገኘው ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት፣ እነ ብርሃነ አስፋው ያጠኑት የሄርቶ ሰው 160 ሺህ ዓመት አለው። በሞሮኮ የተገኘው ግን ወደ 300 ሺህ ስለሚጠጋ፣ «የሰው ዘር መገኛ እኛ ብቻ ነን» የሚለውን ኩራታችንን ለአፍሪካ ሁሉ ማካፈል ይገባናል።

እንግዲህ ወደ ፎገራ እንመለስ። በአፋር ምድሩ እየሰጠመ አጥንትን ቶሎ ይቀብራል፤ የእሳተ ገሞራ አመድ በየንብርብሩ መካከል እየገባ የዕድሜ መለኪያ ይሆናል፤ በኋላም ስንጥቁና ጎርፉ የተቀበረውን መልሶ ይገልጠዋል። ርብና ጉማራ ግን በፎገራ መቅበር እንጂ መግለጥ አያውቁም፤ እነርሱ ያነጠፉትም ደለል ገና ለጋ ነው። የአጥንት አለመታየት የሰው አለመኖር ማስረጃ እንደማይሆን ከሐይቁ ማዶ ያለው የጎርጎራ የዋሻ መጠለያ ይመሰክራል፤ በዚያ ተቆፍረው የወጡትን የድንጋይ መሣሪያዎች በ1930ዎቹ ዓመታት ሉዊስ ሊኪ መርምሮ ጽፎባቸዋል። ጣና ራሱም ዘላለማዊ አይደለም፤ ከሥሩ የተወሰደው ጭቃ እንዳሳየው ከ18 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ደርቆ ነበር፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚስበው በ2016 ዓ.ም. ስለ ሽንፋ የታተመው ጥናት ነው። ከመተማ አጠገብ የዓባይ ገባር በሆነው በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ 74 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነውን የሰዎች ሰፈር ሲቆፍሩ፣ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ፍንካች አገኙ። ያን ፍንዳታ ተከትሎ የሰው ዘር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር የሚለው ወሬ በዓለም ሁሉ የተሠራጨ ነው፤ የሽንፋ ሰዎች ግን ዝናሙ ሲቀንስና በጋው ሲበረታ፣ ወንዙ ተቆራርጦ በቀረባቸው ኩሬዎች ዳር ዓሣ አብዝተው እየበሉ ኖረዋል፤ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ የማይቀሩ ጥቃቅን ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮችም ጥለው አልፈዋል። በሸሸርና በዋላላ ረግረጎች ውኃው ሲሸሽ አምባዛ የሚያጠምድ የፎገራ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ተመራማሪዎቹም፣ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው እየተባለ በወንዝ ዳር የተደረገው ይህን የመሰለ ጉዞ ሰውን ከአፍሪካ ያወጣው ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ለውጡስ አብቅቷል? ብዙ ሰው አብቅቷል ብሎ ያምናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የስሜን አምሐሮች፣ አየሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከፍታ እንደሚኖሩ ሰዎች መሆኑን፣ ይህም ከአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። በፎገራ ደግሞ ምስክሩ ከራሱ ከፎገራ ላም ጡት ይታለባል፤ ሕፃን ሁሉ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት ኃይል ጡት ከጣለ በኋላ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ይዳከማል፤ ከብት አርቢ በሆኑ ሕዝቦች መካከል ግን ይህን ኃይል እስከ እርጅና የሚያቆይ የዘር ለውጥ የነበራቸው ሰዎች ብዙ ልጆች ለወግ ለማዕርግ እያደረሱ፣ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ለውጡ ተስፋፍቷል። በአውሮፓ ይህን ያደረገው አንድ ለውጥ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን በአንድ ሕዝብ መካከል እንኳ ለየብቻ የተነሡ ብዙ ለውጦች ተገኝተዋል፤ ለውጡ ያልደረሰው ጎረቤትም ትኩስ ወተት ሆዱን ሲነፋው፣ እርሾው ስኳሩን አስቀድሞ የበላለትን እርጎ በሰላም ይጠጣል።