ከማጭድ ወደ ኮምባይነር፦ የገጠሩ ወጣት ሥራ ፍለጋ በአርሲና በባሌ

በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች የስንዴ ሰብል በሚደርስበት ወቅት ማጭድ ይዞ ገበያ ዳር የሚቆም ሰው ቀደም ባሉት ዓመታት የዕለት ሥራ ለማግኘት ብዙም አይቸገርም ነበር። አጨዳው፣ ነዶ ማሰሩ፣ ክምሩ፣ ውቂያውና ማዝራቱ ሁሉ የሰው እጅ ይፈልግ ስለ ነበር መሬት የሌለው ወጣት ከመኸር እስከ በጋ በሚያገኘው ገንዘብና እህል ራሱን ይረዳ ነበር። ዛሬ ግን በሜዳማዎቹ ማሳዎች ላይ ይህን ሁሉ ሥራ ኮምባይነር በአንድ ጊዜ ያከናውነዋል። አንድ ሰው በማጭድ ከ10 ቀን በማያንስ ጊዜ የሚያጭደውን አንድ ሄክታር ስንዴ ኮምባይነሩ በ1 ወይም በ2 ሰዓት አጭዶና ወቅቶ ያስረክባል።

በዚህ አካባቢ መሣሪያና የሰው ጉልበት ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመውና «ካዱ» በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በማስፋፋት የስንዴን ምርት ከፍ አደረገ። ይሁንና እርሻ አትራፊ መሆኑን የተመለከቱ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። የዛሬው ችግር ከዚያኛው ይለያል። መሬቱ ተከፋፍሎ ካበቃ በኋላ የተወለደው ወጣት የሚፈናቀልበት መሬት የለውም። በእጁ የነበረው የመኸር የቀን ሥራ ሲሆን፣ እየጠፋበት ያለውም ይኸው ነው።

ገበሬው ኮምባይነርን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ቢመታው በማሳው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ብዙ ቀን ከቆየም ይረግፋል። ሰብሉን ፈጥኖ ማንሳት በተለይ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘራበት በባሌ ለሚቀጥለው እርሻ መሬቱን ያስለቅቃል። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፍቀዱ የመሣሪያዎቹን መስፋፋት አግዟል። ስለዚህ ወጣቱ መሣሪያው ይመለስልኛል ብሎ መጠበቅ አይችልም። ሊጠይቅ የሚገባው በመሣሪያው ዙሪያ ምን ሥራ አለ የሚለውን ነው።

የሥራ ፍለጋው መንገድም ተለውጧል። ኮምባይነሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ አካባቢ ነው። ባለቤቱ ሰብል የደረሰበትን ቦታ ተከትሎ ከወረዳ ወረዳ ያዘዋውረዋል፤ ኦፕሬተሩንና ረዳቱንም ይዞ ይመጣል። ገበሬውን ከባለ መሣሪያው የሚያገናኘው ደላላ ሲሆን ስምምነቱ በስልክ ያልቃል፤ ክፍያውም በኩንታል ይታሰባል። በዚህ ሁሉ መካከል ገበያ ዳር የቆመውን የቀበሌውን ወጣት የሚያስታውሰው የለም።

ይሁን እንጂ በሥራው ላይ ክፍተቶች አሉ። ኮምባይነር በመኸር መካከል ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ኩሽኔታው ቢሰበር ጠጋኝ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ገበሬውም ባለ መሣሪያውም ይከስራሉ። ከበሮው በትክክል ካልተስተካከለ ፍሬው ይሰበራል፤ ከገለባው ጋርም ይበተናል። መሣሪያው ሳይጸዳ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር የሲናርና የሌላ አረም ዘር ይዞ ይሄዳል። ግራሶ መቀባት፣ ማጽዳት፣ ማስተካከልና መጠገን የሚችል የአካባቢ ልጅ ቢኖር ለሁሉም ይበጃል።

ከማሳው ላይ የሚቀረውም ገለባ ሥራ ነው። ሰብስቦና አስሮ ለከብት አርቢዎች የሚሸጥ ማኅበር ገበያ ያገኛል። ኮምባይነር በማይገባበት ተዳፋትና ድንጋያማ መሬት ደግሞ ማጭዱ ዛሬም አልቦዘነም፤ በእንዲህ ያለው ስፍራ የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው አነስተኛ የመውቂያ መሣሪያ ይጠቅማል። ጥቂት ወጣቶች በጋራ ገዝተው ለገበሬው በኪራይ ሊያገለግሉበት ይችላሉ። የፀረ አረም መድኃኒት መስፋፋት የአረም ሥራቸውን ለቀነሰባቸው ሴቶችም፣ ተገቢውን ልብስ ለብሶና መጠኑን ጠብቆ የመርጨት ሙያ በሥልጠና ሊሰጣቸው የሚገባ ነው።

እርግጥ ነው፣ ኮምባይነሩ የሚፈልገው ሰው ቀድሞ ማጭዱ ይፈልገው ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው። እነዚህ ሙያዎች ሥራ አጡን ሁሉ ያስተናግዳሉ ማለት ራስን ማታለል ይሆናል። የከብት ማድለብ፣ የወተትና የአትክልት ልማት ሥራዎችም አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ቢሆንም በደጅ ያለው ሥራ በእንግዳ እጅ እየተሠራ የአካባቢው ወጣት ቆሞ መመልከቱ ሊቀጥል አይገባም።

ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሙያ ማሠልጠኛዎች ስለ ኮምባይነር አጠቃቀምና ጥገና አጭር ሥልጠና መስጠት የሚኖርባቸው ከመኸር በፊት ነው፤ ሥልጠናውም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ፈትቶ እየተገጠመ ሊሰጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በየወረዳው ሲያሠሩ ረዳቶችን ከዚያው አካባቢ ቢቀጥሩ ወጣቱ እየሠራ ይማራል፤ ነገ ኦፕሬተር ለመሆንም መንገድ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ኩታ ገጠም ማሳዎችን መዝግቦ፣ የሚደርሱበትን ቀን ለይቶ ባለ መሣሪያውን በስልክ የሚጠራ የወጣቶች ማኅበር በየቀበሌው ቢቋቋም፣ ዛሬ ደላላው ብቻ የሚያገኘው ጥቅም በከፊል እዚያው ይቀራል።

ወጣቱም በበኩሉ መኸር እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ቀድሞ ማጭድ የሚሳለው ከአጨዳው በፊት እንደ ነበረ ሁሉ ዛሬም ሙያው መያዝ ያለበት ኮምባይነሩ ቀበሌው ከመድረሱ በፊት ነው።