እባብ በቤት ውስጥ እንዴት ይኖራል?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው አባቶቻችን ሲተርቱ፣ እባብን በገዛ እጁ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ይኖራል ብለው ያሰቡ አይመስለንም። ዛሬ ግን በአሜሪካና በአውሮፓ እንደ ድመትና እንደ ውሻ እባብ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። እኛን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን «ስለ አራዊት ለመናገር ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ዳሩ ግን ነገሩ የአራዊት ብቻ ሳይሆን የኀላፊነትም ነገር ስለ ሆነ፣ ለአንባቢያን ባጭሩ ለማስረዳት ወደድን።

ለምሳሌ የምንወስደው ንጉሣዊ ዘንዶ የሚባለውን ነው። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ የሚደርሰው የአፍሪካ ሣራማ ምድር ሲሆን፣ ለንግድ በብዛት የሚላከው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። መርዝ የለውም፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ሲፈራ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። በቤኒን በዊዳ ከተማ የሚከበርበት ቤተ መቅደስ አለው፤ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ግን መኖሪያው አንድ ሣጥን ብቻ ነው።

እባብ እንደ ሰው የሰውነቱን ሙቀት ከሚበላው ምግብ አያገኝም። ሲበርደው ወደ ሞቃት ስፍራ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ ይሄዳል እንጂ። ንጉሣዊው ዘንዶ በዱር ሳለ ቀኑን በአይጥ ጕድጓድ ወይም በኩይሳ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለአደን ይወጣል። በሣጥን የዘጋነው ዕለት ይህን መሄጃ ወሰድንበት፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐዩም ጥላውም ጠባቂው ነው። እንግዲህ መልካም ሣጥን የሚባለው እባቡ ራሱ መርጦ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወርበት ነው። የሣጥኑም ርዝመት ቢያንስ እባቡ ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ሊሆን ይገባል።

አንደኛ፣ ሙቀት። የሣጥኑ አንድ ወገን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው ወገን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። ሁሉም ስፍራ ከቀዘቀዘ እባቡ የዋጠውን መፍጨት አቅቶት ያስመልሰዋል፤ ሁሉም ስፍራ ከጋለ ደግሞ መሸሻ አጥቶ ይሞታል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሙቀቱን በልክ የሚይዝ ቴርሞስታት ሳይኖረው መሰካት የለበትም፤ እባብ ከሚያቃጥል ነገር ላይ ሳይሸሽ ተኝቶ ቆዳው ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ታይቷልና።

ሁለተኛ፣ መሸሸጊያ። ብዙ ሰው አንድ ጎሬ አበጅቶ ይበቃል ይላል። ጎሬው በቀዝቃዛው ወገን ብቻ ከሆነ ግን እባቡ ወይ እየፈራ መሞቅ፣ ወይ እየበረደው መሸሸግ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን፣ ገላውን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ አንዳንድ ጎሬ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እርጥበት። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 55 እስከ 65 ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ቆዳውን በሚለውጥበት ወራት ከፍ ይደረጋል። አየሩ ሲደርቅ አሮጌው ቆዳ ተቀዳዶ በዐይኑና በጅራቱ ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ብርድና ርጥበት አብረው ሲበዙ ደግሞ ሳንባው ይታመማል። ውሃ ዘወትር አይለየው። ከበታቹ የሚነጠፈውም ሽታው የሚያውድ የጥድ ሰጋቱራ እንዳይሆን፤ ጢሱ ባይታይም ሽታው ይጎዳዋል።

ይህን ሁሉ በእጅ ዳሰሳ ማወቅ አይቻልም። በሁለቱም ወገን ቴርሞሜትር፣ ለእርጥበቱም መለኪያ ማኖር ግዴታ ነው። ውሻ ቢበርደው ያለቅሳል፤ ድመት ብትራብ እግር ሥር ትመጣለች። እባብ ግን ድምፅ አውጥቶ አያመለክትም። ንጉሣዊው ዘንዶ ጤነኛም ሆኖ ለወራት ምግብ ሊተው ስለሚችል፣ ጠባቂው «ልማዱ ነው» እያለ ሕመሙን ሳያውቅበት ሊያልፍ ይችላል። ዝም ማለቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ዕድሜውም አጭር አይደለም። በአሜሪካ በሴይንት ሉዊስ ከተማ የአራዊት ማቆያ በ1961 እ.ኤ.አ. የገባች አንዲት ንጉሣዊ ዘንዶ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. 7 እንቁላል ጥላለች። ይህ ከአብዛኞቻችን ወላጆች ዕድሜ የሚስተካከል ዘመን ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ እባብ ለማሳደግ የሚያስብ ወዳጅ ቢኖረን የምንሰጠው ምክር አንድ ነው። ከእባቡ አስቀድሞ ሣጥኑን ይግዛ፤ ባዶውን አሙቆ አንድ ሳምንት ጧትና ማታ መለኪያዎቹን እያነበበ ይመዝግብ። ቍጥሩ ከልኩ ሳይወጣ ከሰነበተ እባቡን ያምጣ፤ ካልሰነበተ ግን ሣጥኑን ያስተካክል እንጂ እባቡን አያምጣ።