«ባካፕ አለን» ከማለታችሁ በፊት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ተቃጥሎ ተጠራሁ። «ባካፕ አለን» አሉኝ። ነበራቸው፤ ግን እዚያው ሰርቨር ውስጥ፣ ሌላ ፎልደር ላይ። አብሮ የሚቃጠል ቅጂ ባካፕ አይባልም።

ኃላፊዎች ሁለት ቃላት እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። አርፒኦ ማለት «የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋብን እንችለዋለን?» ነው። ባካፑ ማታ 12 ሰዓት ተወስዶ ሰርቨሩ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሞተ፣ የ22 ሰዓት መረጃ የለም። ቡሬ ላይ በቆሎ ለሚገዛ ዩኒየን፣ ይህ የአንድ ቀን ሙሉ የሚዛን መዝገብ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን የሚጠይቀው በእሱ ነው። አርቲኦ ደግሞ ሥራው ስንት ሰዓት ቆሞ ሊቆይ እንደሚችል ነው።

የባካፕ አወሳሰድም ይለያያል። ፉል ባካፕ ሁሉንም ይገለብጣል፤ ኢንክሪመንታል ከመጨረሻው ባካፕ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ። ፈጣን ነው፤ ግን ሰንሰለት ስለሆነ መሐል ላይ አንዱ ከተበላሸ ከእሱ ወዲህ ያለው አይመለስም።

3-2-1 የሚባለው ደንብ፦ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ፤ ለምሳሌ ባሕር ዳር።

ባካፓችሁ በእርግጥ እንደሚሠራ ለማወቅ፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ፋይል ከባካፕ መልሳችሁ ክፈቱ።