ሰባት ለአንድ

በአሶሳ ዞን ሸርቆሌ፣ መንጌና ኩርሙክ ወረዳዎች በባህላዊ ወርቅ ማምረት ይታወቃሉ። ወንዝ ዳር የተቀመጠች አጣቢ ገበቴዋን በውኃ ታዞራለች፤ ቀላሉ አፈር እየፈሰሰ ይሄዳል፣ ከሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል፣ በአሸዋው መሐል ቢጫ ብናኝ ብልጭ ይላል። ወይም አይልም። ብዙ ቀን ባዶ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ሰፈሩን የሚያስወራ ያገኛል።

እንዲህ ያለውን ገቢ አማካይ አይገልጸውም፤ አንድ ባለዕድል የሌሎቹን ባዶ ቀን ይሸፍንበታል። የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከሳቡት ነገሮች አንዱ የዚሁ አገር ወርቅ ዝና ነበር። በእርጅናው ራሱ እስከ ሱዳኑ ፋዞግሊ መጣ፣ ያሰበውን ያህል ግን አላገኘም። ወሬ የሚነሣው ስለ ዕድለኞቹ ነዋ!

ለዚህ ነው ፐርሰንታይል የሚያስፈልገው። 50ኛው ግማሹ ሰው የማያልፈው መጠን ነው፤ 90ኛው ደግሞ ከ10 ሰው 9ኙ የማያልፉት። አሁን ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ የሚቆፍሩትን ከወንዝ አጣቢዎች ጋር እናወዳድር። 40 ቆፋሪ፣ 40 አጣቢ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የኔ ነው። የ80ውን የወር ግራም አንድ ላይ ደርድረን 90ኛው ላይ ብናሰምር ከመስመሩ በላይ 8 ሰው ይቀራል። ልዩነት ከሌለ 4 ለ4 ገደማ መሆን ነበረበት። 7ቱ ቆፋሪ፣ አንዱ አጣቢ ሆነው ቢገኙስ? ማን ይጠራጠራል?

ግራሞቹ በ80 ቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፣ ተደባልቀው በዕጣ 40 ለ40 ይከፈሉ። ይህ 1000 ጊዜ ቢደገም፣ 8ቱ ትልልቅ ዕጣዎች 7 ለ1 ወይም 8 ለ0 ሆነው ወደ አንዱ ወገን የሚያጋድሉት 57 ጊዜ ያህል ነው፤ ያለ አንዳች ምክንያት፣ በዕጣ ብቻ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ያስለመደው ወሰን ከ1000 50 ነው፤ ዕጣ ብቻውን ከዚያ በላይ ካመጣው ልዩነቱ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። 7 ለ1 ወደቀ።

50ኛው ላይ ብናሰምር ግን ከመስመሩ በላይ 40 ሰው አለ። 25 ለ15 ቢከፈሉ፣ ይህን ያህል ወይም የባሰ መዛባት በዕጣ የሚመጣው ከ1000 44 ጊዜ ያህል ነው። አለፈ። ዓይን የሚደነግጠው በ7 ለ1 ነው፤ ጫፉ ላይ ያሉት ምስክሮች ግን 8 ብቻ ናቸው።

እነሱም 8 ከሆኑ ነው። ጉድጓድ በቡድን ተቆፍሮ ወርቁን ከተካፈሉ፣ የአንድ ጉድጓድ 5 ሰዎች የሚቆጠሩት እንደ አንድ ምስክር ነው። ከ7ቱ ቆፋሪዎች 5ቱ እንዲህ ያሉ ቢሆኑ፣ የቀረው 3 ለ1 ነው።