ከመኪና አደጋ በኋላ የመድን ካሳ ሲጠብቁ ጤናዎንም ይጠብቁ

የትራፊክ አደጋ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የተሰበረ አጥንትና የተጨማደደ ቆርቆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። በሕይወት የተረፈውን ሰው ደግሞ ብዙም የማይወራለት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። የፖሊስ ሪፖርት፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ የሐኪም ማስረጃና የመድን ድርጅት ቀጠሮ ተደራርበው እንቅልፍ ይነሱታል።

ሐረርን እንውሰድ። የጁገል ጠባብ መንገዶች የተሠሩት ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ እንጂ ለመኪና አይደለም። ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ባጃጁ፣ ታክሲውና የጭነት መኪናው ይጋፋሉ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አወዳይንና ሐረማያን አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ወደ ጅግጅጋ የሚያቀናውም በባቢሌ በኩል ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ ለሚተዳደር ሰው ተሽከርካሪው ጋራዥ ሲቆም የዕለት ገቢውም አብሮ ይቆማል። የቤት ኪራዩና የልጆች ወጪ ግን አይቆሙም። ስለዚህ የካሳው ጉዳይ ለእርሱ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ ጭንቀቱም ከዚህ ይመነጫል።

ሰውነታችን ምን ይሆናል?

አደጋ ሲደርስ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ጡንቻ ይወጠራል። በዚህ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕመሙ በወቅቱ ላይሰማው ይችላል። የአንገትና የወገብ ሕመም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥ፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ አደጋው በዓይን ላይ መመላለስና መኪና ውስጥ ለመግባት መፍራት የተለመዱ ናቸው። ብዙ ሰው ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ሥራንና የቤተሰብ ኑሮን ካወኩ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።

የካሳ ጥያቄ ሂደት ይህን ማገገም ሊያዘገይ ይችላል። ባለጉዳዩ አደጋውን በየቢሮው ደጋግሞ ይተርካል፤ በተነገረው ቁጥር ቁስሉ ይነካል። በአውስትራሊያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በአደጋ ተጎድተው ካሳ የጠየቁ ሰዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትሏል። ሂደቱ እጅግ ያስጨነቃቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለድባቴና ለጭንቀት ተጋልጠው ተገኝተዋል። ካስጨነቋቸው ነገሮች መካከል ምን ማድረግ እንዳለባቸው በግልጽ አለማወቃቸውና ጉዳዩ የሚወስደው ጊዜ ይገኙበታል። የመጀመሪያውን ቢያንስ በራሳችን ጥረት ልናቃልለው እንችላለን።

ከወረቀቱ በፊት ሐኪም

ብዙ ሰው አደጋ በደረሰ ማግስት የሚሮጠው ወደ ጋራዥ ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ ይመርመሩ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ የደረት ወይም የሆድ ሕመም ካለ ለነገ አይባልም። በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ጁገል ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂዎች አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ይሰጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ለተጎጂው የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ስለዚህ «ገጪው አምልጧል፤ ማን ይከፍልልኛል?» ብለው ቤት አይተኙ። በጊዜው የተሰጠ የሐኪም ማስረጃ ለጤናዎም ለካሳዎም ይጠቅማል።

ካሳውን ተቀብለው የመጨረሻ ስምምነት ከመፈረምዎ በፊትም የጉዳትዎ መጠን በሐኪም ተለይቶ መታወቁን ያረጋግጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዛሬ በችኮላ የተፈረመ ወረቀት ነገ ለሚመጣ የወገብ ሕመም መልስ ላይሰጥ ይችላል።

ጭንቀትን የሚቀንሱ ልማዶች

ውልዎን ያንብቡ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው፤ የራስዎን መኪና አያሠራም። ብዙ አሽከርካሪ ይህን የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ሙሉ መድን ቢኖርዎትም ከጉዳቱ ላይ ራስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ አለ። መኪናው ከገበያ ዋጋው በታች መድን ተገብቶለት ከሆነ ክፍያው በዚያው ልክ ሊቀንስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል። አደጋውንም በውሉ በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ያሳውቁ።

አንድ ደብተር ይያዙ። የሄዱበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም፣ የተባሉትንና ቀጣዩን ቀጠሮ ይጻፉ። የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያስቀሩ። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ሌሊት በጭንቅላት ውስጥ አይመላለስም።

ለጉዳዩ ጊዜ ይመድቡለት። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ቀን ለክትትሉ ይስጡ። በቀረው ጊዜ ወሬው በማዕድ ላይ እንዳይነሳ ከቤተሰብ ጋር ይስማሙ። ከተቻለ የሚያምኑት ሰው አብሮዎት ይሂድ፤ የተጨነቀ ሰው ከተነገረው ብዙውን ይረሳልና።

ከተበደሉ ቅሬታዎን በደረጃ ያቅርቡ። ከቅርንጫፍ ኃላፊው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም የመድን ድርጅቶችን ወደሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይቻላል፤ ፍርድ ቤትም አለ። መጮህ የደም ግፊትን እንጂ ፋይልን አያንቀሳቅስም።

ጫትን ማስታገሻ አያድርጉ። በሐረር ሐሳብ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጫት ዙሪያ ነው። ለጊዜው ያነቃቃል፤ ሲለቅ ግን ድብርትና ብስጭት ይተካል። እንቅልፍ ያሳጣል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል። እንቅልፍ ያጣ አሽከርካሪ መሪ ሲይዝ ሁለተኛ አደጋ ይጠራል። ከሰዓት በኋላ ቡናም ይቀንሱ። ጭንቀቱ ሲበረታ በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፤ ከሳቡበት ረዘም ባለ ጊዜ ያስወጡ። ለአምስት ደቂቃ ይድገሙት።

ወደ መንዳት በጥቂት በጥቂቱ ይመለሱ። ሐኪም ከፈቀደልዎ በመጀመሪያ ከሰው ጋር፣ በቀን፣ በአጭር መንገድ ይጀምሩ። ጨርሶ መሸሽ ፍርሃትን ያሰነብታል።

ሌላ ሰው ጎድተው ከሆነ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጸጸቱ ከመኪናው ወጪ በላይ ያሠቃያል። በአካባቢያችን ሽማግሌ ልኮ የተጎጂን ቤተሰብ መጠየቅ የቆየ ባህል ነው፤ ለተጎጂውም ለአሽከርካሪውም ልብ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን በርካታ የመድን ውሎች፣ ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋተኝነትን ማመንን ወይም ካሳ መስማማትን ይከለክላሉ። ይህን ሳያውቁ የተዋዋሉ ሰዎች ካሳውን ከኪሳቸው ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሕመምተኛውን መጠየቅና ማስታመም አይቅር፤ ስለ ገንዘብ ከመስማማትዎ በፊት ግን የመድን ድርጅትዎን ያማክሩ።

ሐዘኑን ብቻዎን አይሸከሙት። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ ሌላውም በእድሩ ይደጋገፋል። እነዚህ ማኅበራት ለለቅሶና ለሰርግ ብቻ መሆን የለባቸውም። አደጋ የደረሰበትን አባል ቤት ሄዶ ማጫወት፣ በቀጠሮውም ቀን አብሮት መውጣት ትልቅ ሕክምና ነው።

እርስዎ ወይም የቅርብ ሰው ተስፋ ከቆረጡ፣ መጠጥ ካበዙ፣ ምግብና እንቅልፍ ከዘጉ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተሰማ የካሳውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። መኪናው ቢዘገይም ይጠገናል፤ ካልሆነም ይተካል። ለባለቤቱ ግን መለዋወጫ የለውም።