አስተርጓሚው ያስቀረው ቃል

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለራሳችን ጉዳይ በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ችሎት ገብተን ተራችንን ስንጠባበቅ፣ በስርቆት የተከሰሰ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ቀረበ። ልጁ ከሐዲያ ገጠር የመጣ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ»ንና «ስንት ነው»ን ብቻ ይመስላል። ዳኛው ቃሉን ሲጠይቁት ዝም ቢል፣ ከባለጉዳዮች መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ አንድ ጎልማሳ ተነሣና ምሎ ከጎኑ ቆመ።

ተከሳሹ ተናገረ። እጁን እያወራጨ፣ አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና «አላደረግሁም ይላል» አለ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ የተናገረው ይህን ብቻ ነው?»

«ሌላው ዝባዝንኬ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ዝባዝንኬውንም ተርጉም።»

አንባቢያችን ሆይ፣ በዚህ ሰው ላይ አንፍረድበት። ክፋት አላሰበም፤ እንዲያውም የችሎቱን ጊዜ የቆጠበ መስሎታል። ሁለት ቋንቋ መናገርና ማስተርጎም ግን አንድ ሙያ አይደሉም። ባለሙያው አስተርጓሚ የሰማውን አያሳጥርም፣ አያሳምርም፤ «ይላል» ሳይል በተናጋሪው አፍ «እኔ» ብሎ ይናገራል፤ ያልገባውን ይጠይቃል እንጂ በግምት አይሞላም። እንደ «ዋስትና»ና «ይግባኝ» ላሉት ቃላት በሚተረጉምበት ቋንቋ አቻ ያጣላቸው እንደ ሆነም፣ ትርጉማቸውን ዘርዝሮ ማስረዳት ይኖርበታል። ይህም በልምምድ እንጂ በትውልድ አይገኝም።

ሕጉ ይህን ሳያስብበት አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርድ ቤቱ ችሎታ ያለው አስተርጓሚ እንዲመርጥ፣ የሚመረጠውም የተከሳሹ ወይም የዐቃቤ ሕጉ ዘመድ ወይም የነገሩ ምስክር እንዳይሆን አዝዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በምን ቋንቋ ይጠይቅ? ስለዚህ ጥያቄው ሳይቀርብ ከሰውየው ፊት ላይ የሚያነብ ሹም ያስፈልጋል።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያ የራሷን ቅጂ ይዛ ግዴታ አደረገችው። ነገሩ የለየለት በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

በችሎት ብቻም አይደለም። የማኅፀን ሕመም ያለባት እናት በአሥር ዓመት ወንድ ልጇ አፍ ለሐኪም እንድትናገር ስትደረግ አይተናል። እናት ከልጇ የምትደብቀውን ሐኪሙም ሳይሰማው ይቀራል።

በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ወገናችን፣ ከተማዋ በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2004) ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ ከከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሲደርስ ያለ ክፍያ በአማርኛ ይተረጎምለታል። ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። የሐዲያው ልጅም በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ከዚህ ያነሰ አይገባውም።

ወደ ችሎቱ እንመለስ። «ዝባዝንኬ» የተባለው ሲተረጎም፣ ልጁ ዕቃው ጠፋ በተባለበት ሰዓት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሌላ ሠፈር ሲሚንቶ ተሸክሞ ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ መዋሉን፣ የሁለቱን ስምና መኖሪያ ጭምር፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ ኖሯል። ወደ ሰማይ ያመለከተውም የፎቁን ከፍታ ሲያሳይ ነበር። ዳኛው ሁለቱ ሰዎች ለመከላከያ ምስክርነት እንዲጠሩ አዝዘው ቀጠሮ ሰጡ፤ በዚያ ቀን ሌላ አስተርጓሚ እንዲቀርብም ከትእዛዙ ግርጌ ጻፉ።